በር በእግር አይከፈትም

እኔ የፊልም አዋቂ አይደለሁም። ትኬት ቆርጬ የምገባ፣ ወንበሬ ላይ የምቀመጥ፣ ሲያልቅ ተነስቼ የምወጣ ሰው ነኝ። ሥራዬ በር መሥራት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በር ሠርቻለሁ። ታዲያ ቅዳሜ ከሰዓት ወርክሾፔን ቆልፌ ሲኒማ ቤት ስገባ ዓይኔን ቤት ትቼው አልሄድም። ሌላው ሰው የተዋናይቷን ፊት ሲያይ እኔ ከኋላዋ ያለውን በር አያለሁ። ምን ላድርግ፣ እሷ ትንቀሳቀሳለች፣ በሩ ይቆማል።

በዚህ ሰሞን ከወጡት ፊልሞች አንዱም አላመለጠኝም። የፖሊሱን ልበላችሁ። ሰፈሩ ሁሉ "ደረቱ" የሚለው ተዋናይ በዚያ ፊልም ውስጥ ሰባት በር በእግሩ ይሰብራል። ቆጥሬያለሁ። ሰባቱም ወደ ውጭ የሚከፈቱ ናቸው። ወደ ውጭ የሚከፈትን በር ከውጭ ሆነው ቢረግጡት ይበልጥ ይጠብቃል እንጂ አይከፈትም። ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም፣ በሕይወት ዘመን አንድ በር መክፈት ይበቃል። ደግሞስ ሰውየው አንዱንም እጀታውን ይዞ አልሞከረም። ክፍት ቢሆንስ?

የመንፈሱም ፊልም አለ። መንፈሱ በግድግዳ ሰንጥቆ ያልፋል፣ በር ላይ ሲደርስ ግን እጀታውን ይዞ ከፍቶ ይገባል። አዳራሹ በፍርሃት ሲንቀጠቀጥ እኔ ብቻዬን ሳቅኩ፤ ከፊቴ የተቀመጡ ሴትዮ ዞረው "እብድ ነው እንዴ?" አሉ ለልጃቸው። የፍቅሩ ፊልም ላይ ደግሞ ልጅቷ ተቆጥታ በሩን ወርውራ ስትዘጋው ግድግዳው እንደ መጋረጃ ተወዛወዘ። ሰው ሁሉ ለልጅቷ ሲያለቅስ እኔ ቤቱ እንዳይወድቅባት ተጨነቅኩ።

ከሁሉም ግን የመንትዮቹን የሚያህል የለም። ከመንትዮቹ አንዷ ሆስፒታል ናት፣ አንዷ እስር ቤት፣ ሀብታሙ አባታቸው ቤታቸው ተቀምጠዋል። የሆስፒታሉ በር ነጭ፣ የእስር ቤቱ ግራጫ፣ የሀብታሙ ቡናማ። ነገር ግን ከእጀታው በታች ጨረቃ የመሰለች ጭረት አለች፣ በሦስቱም ላይ። አንድ በር ነው ማለት ነው፣ ቀለም እየቀያየረ። ማጠፊያው እንኳ እስር ቤት ሲገባ በግራ ነበር፣ ሲፈታ በቀኝ ወጣ። ያቺን ጭረት ለሦስተኛ ጊዜ ሳያት እንደ ዘመድ ተነስቼ ሰላም ልላት ቃጣኝ።

ከወርክሾፔ ፊት ለፊት ፀጉር አስተካካዩ አለ። እሱ ፊልም አያይም፣ እኔን ነው የሚሰማው። ሰኞ ሰኞ ጠዋት "እሺ፣ የዚህ ሳምንቱስ?" ይለኛል፣ እኔም እነግረዋለሁ፣ ከዚያ ወንበሩ ላይ ለሚቀመጥ ሁሉ ቀኑን ሙሉ ያስተላልፈዋል። ከእኔ አፍ አንድ በር ሆኖ የወጣ ወሬ እሱ ጋ ሲደርስ አንድ ሰፈር ይሆናል። የመንትዮቹ ፊልም በወጣ በሁለተኛው ሳምንት ደግሜ ልየው ብዬ ስገባ፣ እናትየዋ ልትሞት ስታጣጥር በሩ ታየ፤ ከኋላ አንዱ "ጭረቷ መጣች" ብሎ ጮኸ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እናትየዋ በሳቅ ታጅባ ሞተች። እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ቅቤ ጠጣ።

አሁን ስለ ራሴ ቤት በር መናገር ግድ ይሆናል። ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ዝናብ ጠጥቶ አበጠና ታቹ መሬቱን መንከስ ጀመረ። እጀታውን ወደ ላይ አንስቶ፣ ከታች በግራ በኩል በእግር መትቶ ካልሆነ አይከፈትም። "ነገ እልገዋለሁ" አልኩ። ነገ የሚባለው ቀን ደግሞ ትዕግሥተኛ ነው። ሚስቴ አዋላጅ ነርስ ናት፣ በቀን አምስት ሕፃን ወደዚህ ዓለም ታስገባለች፣ ወደ ራሷ ቤት ለመግባት ግን በሩን መርገጥ አለባት። እኔ ስለ ፊልም በር ማውራት በጀመርኩ ቁጥር "የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች" ትላለች፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ።

ለነገሩ ከመልመዳችን የተነሳ በሩ የደወል ያህል ሆኖ ነበር። የሚስቴ ሁለት አጭር ነው፣ ድም ድም። መድኃኒት ቤት የምትሠራው አንድ ልጃችን ደግሞ አንዴ ነው የምትመታው፣ ግን ከልቧ። ያቺን አንዲት "ድው" ስሰማ ከማንኛውም ክፍል ሆኜ "መጣሽ?" እላለሁ።

አንድ እሑድ ታዲያ ልጄ ልታገባው ያሰበችውን ሰው ለምሳ ይዛ መጣች። ስለ እሱ የነገረችን "የእጅ ባለሙያ ነው፣ አባዬ ትወደዋለህ" የሚለውን ብቻ ነበር። በሩ በቀስታ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። እኛ ቤት ተንኳኩቶ ስለማያውቅ መጀመሪያ የጎረቤት መሰለኝ።

"ከታች በግራ በኩል በእግርህ ምታው" አልኩ ከተቀመጥኩበት።

"ይቅርታ ጋሼ፣ የሰው ቤት በር እንዴት በእግሬ እመታለሁ?" አለ አንድ ጨዋ ድምፅ። ከዚያ የልጄ "ድው" ተሰማና ተከፈተ።

ቀጭን ልጅ ነው፣ ጥፍሩ ሥር ቀለም የተጠራቀመበት። ሲገባ ዓይኑ መጀመሪያ የበሩን ታች አየ፣ ከዚያ ማጠፊያውን፣ ከዚያ እኔን። መጠርጠር የነበረብኝ ያኔ ነበር።

ምሳ ቀረበ። እንግዳን በጨዋታ ማሞቅ የቤቱ ጌታ ግዴታ ነው ብዬ ስለ መንትዮቹ ፊልም ጀመርኩ። ነጩን አነሳሁ፣ ግራጫውን አነሳሁ፣ ጭረቷን በጣቴ ጠረጴዛው ላይ ሳልኩለት።

"ያን በር የሠራው ሰው ካርቶን ቢቆርጥ ይሻለው ነበር" አልኩ። "እጅ የለውም። እጅ ቢኖረውም ዓይን የለውም።"

ልጄን አሳላት። ሚስቴ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን መታችኝ፤ ልማድ ሆኖባት ከታች በግራ በኩል ነው የመታችኝ። እኔ ግን ሞቆኛል።

"ማጠፊያ እንኳ ግራና ቀኙን አያውቅም። ሰውየው ያፈረ አይመስለኝም።"

"አፍሯል ጋሼ" አለ እንግዳው ሹካውን አስቀምጦ። "እኔ ነኝ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጤነኛ ሰው እዚህ ላይ ይቅርታ ይጠይቃል። እኔ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚሉኝ ሰው ነኝና "ማጠፊያውንም አንተ ነህ?" አልኩት።

"እሱንም እኔው ነኝ። ሦስቱን ቦታ የቀረፅነው በአንድ ቀን ነው፣ ያለን ደግሞ አንድ በር። አንዱ ሲያልቅ እቀባለሁ፣ ሳይደርቅ አዞረዋለሁ። ጭረቷ የመጣችው ብቻዬን ተሸክሜው ደረጃ ስወጣ ነው።"

"የፍቅሩ ፊልም ግድግዳስ?"

"ጨርቅ ነው ጋሼ።"

"ታዲያ ካርቶን ማለቴ ምን በደልኩ" አልኩ። ያን ጊዜ የልጄ ፊት ጠቆረ።

"አባዬ" አለች፣ "ሰው ሲኒማ ቤት ገብቶ በእሱ በር እንደሚስቅ ታውቃለህ? ዳይሬክተሩ አንድ ጊዜ ደግሞ በበር ምክንያት ከተሳቀ ሥራህን አትፈልገው ብሎታል። ሥራ ከሌለው ሠርጋችን ይቀራል፣ ሌላ ከተማ ሄዶ እስኪያገኝ ስንት ጊዜ እንደምጠብቀው አላውቅም። ሳቁን ማን እንዳስጀመረው ፀጉር አስተካካዩ ነግሮኛል።"

ልጁ ግን ቂም የሚባል ያልፈጠረበት መሰለኝ፤ "ጋሼ ያሉት እኮ ልክ ነው" አለ። "በሩ መጥፎ በር ነው። አሁን የምንጀምረው ፊልም ዋናው ነገር የሚሆነው በር ላይ ነው። እርስዎ ቢሠሩልኝ ማንም አይስቅም።"

ሙያ በልብ ነው ይባላል። የእኔ ግን ሁልጊዜ በአፌ ነበር፣ አሁን በእጅህ አሳይ ተባልኩ። "እሠራዋለሁ" አልኩ። ልጄ ዓይን ዓይኔን እያየች "አባዬ፣ በዚህ አትቀልድ" አለችኝ።

በማግስቱ ልጁ ሥዕሉን ይዞ ወርክሾፔ መጣ። በፊልሙ ሰውየው ጥላው የሄደች ሚስቱን ፈልጎ ይመጣል፣ በሦስተኛው ምት በሩን ሰብሮ ይገባል፣ እሷም በጀግንነቱ ተደንቃ ትታረቀዋለች። እኔ ቤት ቢሆን ሚስቴ ፖሊስ ነበር የምትጠራበት። ሰባሪው ያው ደረቱ ነው።

"ከፊት ሲታይ ከባድ ይምሰል" አለ ልጁ። "የታችኛው ሰሌዳ ግን ከስስ ኮምፖርሳቶ ይሁን። በቁልፉ በኩል ደግሞ ከኋላ በመጋዝ እስከ ግማሽ ድረስ ይቆረጥ፣ ሦስተኛው ላይ እንዲለቅ።"

"ገባኝ" አልኩ። ገብቶኝም ነበር።

አራት ቀን ሠራሁት። እንጨቱን ከወርክሾፑ ጥግ፣ ለጥሩ ቀን ብዬ ካስቀመጥኩት መርጬ አወጣሁ። የታችኛው ሰሌዳ ላይ ስደርስ ኮምፖርሳቶውን አንስቼ አየሁት፣ መልሼ አስቀመጥኩትና በወፍራም ጣውላ ተካሁት፤ ሰው የሚያየው ታችኛውን ነው ብዬ። በአራተኛው ቀን በሩን ገልብጬ መጋዙን ያዝኩ። አንድ ጣት ያህል ገባሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ከኋላው አርፎ እንዲተኛ ብዬ በር ሠርቻለሁ፣ እንዲሰበር ብዬ ሠርቼ አላውቅም። ቁርጡን አየሁት። አጠገቡ ኮላው ተቀምጧል። እጄ ራሱ ሄዶ አነሳው። ቁርጡን በኮላ ሞላሁት፣ በሞርሳ ጠፍሬ አሰርኩት፣ ሲደርቅ በላዩ ቀለም ቀባሁበት።

ለራሴ የሰጠሁትን ምክንያት ልናዘዝ። "ሰባት በር የሰበረ ሰው ስምንተኛው ያቅተዋል?" አልኩ። አዎ፣ እኔው ነኝ ያልኩት። ሰባቱም ውሸት ነው እያልኩ ሰፈር ሳስቅ የከረምኩት ሰውዬ፣ ሲመቸኝ ጊዜ ፊልሙን አመንኩት።

የቀረፃው ዕለት እኔው ሄጄ ገጠምኩት። ልጁ እጀታውን ነካ ነካ አደረገና "ጋሼ፣ ይሄ እኮ ያምራል" አለኝ። ጀርባውን ሊያይ ጎንበስ ሲል ዳይሬክተሩ ብርሃኑ ሊያመልጠኝ ነው እያለ ጮኸበት።

"ከኋላ ቆርጠውታል አይደል?" አለኝ እየተጣደፈ።

"ቆርጬዋለሁ" አልኩት። ቆርጬው ነበር። የተቀረውን አልነገርኩትም።

ልጁ ስብርባሪውን ከተዋናዩ እግር ሥር ሊያነሳ ከበሩ ኋላ ገብቶ ቆመ። ደረቱ መጣ። የመጀመሪያውን መታ። ድው። በሩ ፍንክች አላለም። ልቤ እንደገና ቅቤ ጠጣ፣ አላፈርኩም። ሁለተኛውን መታ። ከመቃኑ ላይ ትንሽ አቧራ ወረደ፣ በሩ ግን እዚያው ነው። ደረቱ በሩን አንድ የሚያውቀው ሰው የከዳው ያህል አየው። ከዚያ ስድስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ፣ ተንደረደረ፣ መታ። "ቀጭ" የሚል ድምፅ ተሰማ።

"ተሰበረ" አለ ዳይሬክተሩ ደስ ብሎት።

ተሰብሯል፣ ግን በሩ አልነበረም። ደረቱ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ያ ሁሉ ደረት ተጣጥፎ ቁርጭምጭሚቱን አቅፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ካሜራ ያዡ "አቁም" ካልተባለ የማያቆም ሰው ነው፤ ዳይሬክተሩ ደግሞ አፉን ከፍቶ ቀርቷል። ደረቱ ከተቀመጠበት እጁን ዘረጋና በሁለት ጣቱ በሩን አንኳኳ። ከኋላ ያለው ሰው ወጥቶ ያንሳኝ ማለቱ ነው። ልጁም ከፈተለት።

ሐኪም ቤት ከወሰዱት በኋላ ልጁ ወደ በሩ ተመለሰና ጀርባውን አየ። ጣቱን በኮላው መስመር ላይ ከላይ እስከ ታች አስኬደው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

"ይሄን በር ለዛሬ ያዘጋጀው ማን ነው?" አለ ዳይሬክተሩ።

አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። ኮላውን የጠጣሁት እኔ መሰልኩ።

"የእኔ ጥፋት ነው" አለ ልጁ። "ሳልፈትሸው አስገጠምኩት።"

"ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ" አለው።

ቆሜ ሰማሁ። በየሳምንቱ ስለማላውቀው ሰው ሥራ አፌን ሞልቼ ስናገር ኖሬ፣ ስለ ራሴ ሥራ አንዲት ቃል መናገር አቃተኝ። አፈርኩ። አሁንም ሳስበው ጆሮዬ ይግላል።

በሩን ጭነው ወርክሾፔ መለሱልኝ። ሰኞ ዕለት ልጄ መጣች። ልጁ ምንም አልነገራትም፣ "አደጋ ነው" ብቻ ነው ያላት። እሷ ግን ሰጋቱራ ውስጥ እየተንከባለለች ያደገች ልጅ ናት፣ ፊደል ሳትቆጥር እንጨት ታነብ ነበር። በሩን ገልብጣ አየችው።

"ኮላ ነው?" አለች።

"ኮላ ነው።"

"ሲያባርሩት እዚያ ነበርክ?"

"ነበርኩ።"

"ዝም አልክ?"

"ዝም አልኩ።"

"በእሱ በር ስትስቅ የነበረው አፍህ የት ሄዶ ነው አባዬ?" አለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ማታውኑ ልብሷን በሻንጣ አድርጋ መድኃኒት ቤት አብራት የምትሠራ ጓደኛዋ ጋ ሄደች። ሆድና ጀርባ ሆንን። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤታችን በር ሁለት አጭር ብቻ ሆነ። አንዳንዴ የጎረቤት ልጅ ኳስ ግድግዳውን ሲመታው "መጣሽ?" እላለሁ፤ ሚስቴ እንዳልሰማች ፊቷን ታዞርልኛለች።

በሦስተኛው ቀን ዳይሬክተሩ ጋ ሄድኩ። ስክሪን ፊት ተቀምጦ የደረቱን ለቅሶ ደጋግሞ ያያል።

"ኮላውን የጨመርኩት እኔ ነኝ" አልኩት። "ልጁ ቁረጥ ብሎኛል፣ ቆርጬ መልሼ ያጣበቅኩት እኔ ነኝ።"

ከስክሪኑ ዞረ። "ለምን?"

"በር ነዋ። አላስቻለኝም።"

ሊስቅ ነው ሊያለቅስ ነው ስል "ልጁን መልሼ እጠራዋለሁ" አለ። "እርስዎን ግን ካሜራዬ ባለበት ሰፈር ደግሜ እንዳላይዎት።"

ልጁ ሥራው ላይ ተመለሰ። ልጄ ግን አልተመለሰችም። ሚስቴ ሁሉን ነገር ከሰማች በኋላ "ለዳይሬክተሩ ነገርከው፣ መልካም። የተሸከመልህ ግን ልጁ ነው። ለእሱስ?" አለችኝ። "እነግረዋለሁ" አልኩ። መቼ እንደሆነ መገመት አያቅታችሁም። ነገ።

ፊልሙ ከሦስት ወር በኋላ ወጣ። ቅዳሜ ከሰዓት ብቻዬን ገባሁ። መሀል ወንበር ላይ ተቀምጬ እጄን ጭኔ መሀል ቀብሬ ጠበቅኩ። የፈራሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ በሩ ሲመጣ ሰው እንዳይስቅ። ከሳቁ ልጁ አለቀለት፣ ልጄም በሬን ደግማ አትመታም።

በሩ መጣ። ደረቱ አንዴ መታ፣ ሁለቴ መታ። ከኋላዬ አንዱ "ሊሰብረው ነው" አለ፣ ሳቅ ሊጀምር እንደሆነ በድምፁ አውቅኩ። ሦስተኛውን መታና ወደቀ። አዳራሹ ፀጥ አለ። ያ ሰባት በር የሰበረ ሰው መሬት ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል፣ እውነተኛ እንባ፣ ንፍጡ ሳይቀር። ከዚያ እጁን ዘርግቶ በሁለት ጣቱ አንኳኳ፣ ቀስ ብሎ፣ ፈርቶ። በሩ ተከፈተ። ዳይሬክተሩ እዚያ ላይ ቆርጦ የሚስቱን ፊት ቀጥሎበታል። ሴትየዋ ጎንበስ ብላ ታነሳዋለች።

ማንም አልሳቀም። አጠገቤ የነበረው ጎረምሳ አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። እኔም እንደዚያው። ማጠፊያው በየት በኩል እንደነበር ብትጠይቁኝ አላውቅም፣ እኔው ገጥሜው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በሩን ትቼ ሰውየውን ሳይ ነበር። ስንት ጊዜ በራሱ ጥፋት ደጅ የቀረ ሰው እግሩን ያነሳል አልኩ፣ ማንኳኳት እያለ።

መጨረሻ ላይ ስሞቹ ሲወርዱ፣ ሁሌ የምወጣበት ሰዓት ነው፣ ያን ቀን ግን እግሬ አልታዘዝ አለኝ። "በር" ይላል። ከጎኑ የእኔ ስም፣ ከነአባቴ። ልጁ ነው ያስጻፈው፤ የራሱን ስም ከሥሬ፣ በትንሹ አስገብቶታል። አንጀቴን በላው።

ወጥቼ በወርክሾፔ በኩል ሳልፍ ፀጉር አስተካካዩ ከሱቁ ሆኖ ጠራኝ። "እሺ፣ በሩስ?"

"ጥሩ ፊልም ነው" አልኩት።

"ስለ በሩ ነው የጠየቅኩህ።"

"ገብተህ እየው።"

መቀሱ አየር ላይ ቆመ። ግማሽ ራሱ የተቆረጠው ደንበኛ ሳይቀር ዞሮ አየኝ።

በቀጥታ ቤቴ ሄድኩ። በሬን ለመጨረሻ ጊዜ በእግሬ መትቼ ገባሁ፣ ከማጠፊያው ነቀልኩት፣ አግዳሚ ላይ አጋደምኩትና መላጊያውን ያዝኩ። ሃያ ደቂቃ። አሥራ ሁለት ዓመት ነገ ያልኩት ሥራ የፈጀው ሃያ ደቂቃ ነው። ሚስቴ ከሥራ ስትመለስ በር የሌለው ቤት አግኝታ "ሌባ ነው ወይስ ፊልም ልትሠራ ነው?" አለች። ከዚያ በሩን አየች፣ መላጊያውን አየች፣ ገብታ ስልኩን አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

ለልጁ ደወልኩ። "ነገ ለምሳ ኑ" አልኩት። "እባክህ ይዘሃት ና።" "እሺ ጋሼ" አለ።

እሑድ ከረፋዱ ጀምሮ በሩ ኋላ ቆምኩ። ምን እንደምል እያዘጋጀሁ ነው። ቃላቱን እያሰብኩ ሳለ አንድ ዋና ነገር ረሳሁ፣ በሩ እንደተላገ ለልጄ የነገራት የለም።

ኮቴ ሰማሁ። ከዚያ ሦስት ወር ያልሰማሁትን፣ አንዴ ብቻ፣ ከልብ። ድው።

በሩ እንደ ወረቀት በርሮ ግድግዳውን መታ፣ ልጄም ተከትላው በአየር ገባች። ደረቴ ላይ አረፈች፣ ሁለታችንም ወለሉ ላይ ተዘረርን። የሚስቴ ድምፅ ከወጥ ቤት "መጣሽ?" አለ።

"አባዬ" አለች ልጄ እላዬ ላይ እንዳለች፣ "በሩን ምን አደረግከው?"

"ላግኩት።"

"መቼ?"

"ትናንት።"

ፊቷን ሸሚዜ ውስጥ ቀብራ መሳቅ ጀመረች። ሳቋ መሀል ላይ ወደ ለቅሶ ሄዶ ተመልሶ መጣ። አጥብቄ ያዝኳት። ናፍቃኝ ነበር፣ ሌላ ምን ልበል።

ልጁ ደፉ ላይ ቆሟል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ እያለ በጣቱ ሁለት ጊዜ አንኳኳ።

"ግባ ልጄ" አልኩት ከወለሉ ላይ። ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፍቶኛል። "ኮላውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ሲያባርሩህም ቆሜ ሰምቻለሁ። ካርቶን ያልኩህም እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።"

"ይቅር ብያለሁ ጋሼ" አለ። እጁን ሰጥቶ አነሳን፣ መጀመሪያ እሷን፣ ከዚያ እኔን። ከዚያ ወደ በሩ ዞረ። ቀስ ብሎ ዘጋው፣ ከፈተው፣ እንደገና ዘጋው። ቁጢጥ ብሎ ታቹን አየ። ቆሞ ላዩን አየ። ጉሮሮውን ጠረገ።

"ጋሼ፣ አስተያየት ይፈቀድልኛል?"

ልጄ ሳቋን አቆመች። ሚስቴ ማማሰያዋን እንደያዘች ብቅ አለች።

"ተናገር" አልኩ።

"የላይኛው ማጠፊያ ትንሽ አዘንብሏል። ዝናብ ሲመጣ ታቹ እንደገና መሬት ይነካል።"

ጠጋ ብዬ አየሁት። አንድ ዓይኔን ጨፍኜም አየሁት። አዘንብሏል።

ከኪሴ ካቻቢቴዬን አውጥቼ ሰጠሁትና በሩን ደግፌ ያዝኩለት።